ቅቤ የነካው ካትራሜ

ሰው የሚወደውን ነገር አይጠቀምበትም፤ ይሸፍነዋል። ካላመናችሁኝ ወደ አንድ ዘመድ ቤት ጎራ በሉና ሶፋውን እዩት። ከሱቅ ሲመጣ የለበሰው ላስቲክ አልወለቀም። በላስቲኩ ላይ ጨርቅ አለ፣ በጨርቁ ላይ እመቤቲቱ በእጇ የሠራችው ዳንቴል ተዘርግቷል፣ በዳንቴሉ ላይ ደግሞ እናንተ ትቀመጣላችሁ፤ እሱም ሳትደገፉ። ሶፋው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው የሚያውቀው የሸጠው ነጋዴ ብቻ ነው። ራዲዮኑ ከባለቤቱ የተሻለ ልብስ አለው። ቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እንግዳ ይጠብቃሉ፤ የሚጠበቀው እንግዳ እናንተ አለመሆናችሁን የምታውቁት ውኃው በጣሳ ሲመጣላችሁ ነው።

ይህ ጠባያችን ከዕቃ አልፎ ወደ ሰው የተሻገረበት ዘመን ነበር። የደርግን ጊዜ ማለቴ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ እንዳይዝግ የሚቀባው ነገር ነበረው። ስሙ ፊት «ጓድ» የሚል አንድ እጅ፣ ደረቱ ላይ ዓርማ ሁለተኛ እጅ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ መፈክር ሦስተኛ እጅ። እኔ ሆሳዕና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ጥቁር ሰሌዳዬ አናት ላይ አንዲት መፈክር ነበረችኝ፤ የወንዞችን ስም ስጽፍም ሳጠፋም እሷን በዳር በዳሯ እየዞርኩ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ብቻ እሷ እዚያ ካለች ክፍሉ ዝናብ የማያስገባ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ሰው ቅብ ግን ብዙ አላወራም፤ ብዙዎቹ ተቀቢዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፣ እኔም አንዱ ነኝ። የማወራችሁ ስለ መኪና ነው።

ጋሽ በላቸው የአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። ከመንዝ መጥተው ሆሳዕና ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ በአቅራቢያው ካለችው ከፎንቆ እትዬ ታደለችን አግብተው በዚያው የቀሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲጨነቁ የሚያስነጥሳቸው ሰው ነበሩ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እትዬ ታደለች ፕሮቴስታንት። ቤንዚን በኩፖን ከመሆኑ በፊት እሑድ እሑድ ጠዋት ባለቤታቸውን ጸሎት ቤት በር ላይ አውርደው፣ እሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚያዘግሙባት አንዲት ነጭ ቮልስ ነበረቻቸው።

ነጭ ቮልስ ስላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፏት። ሆሳዕና ላይ መኪና ማለት የጭነት መኪና ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እሱም ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ በበሬ በሚጎተትበት ጊዜ የገባች ናት። ከእሷ ቀድሞ የመጣ የቤት መኪና መኖሩን አልሰማሁም፤ ቢኖርም ጋሽ በላቸው ፊት እንዳታነሡት። አንዲት የአዲሎ ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ የኋላ ወንበሯ ላይ ተገላግላለች። ያ ሕፃን ጎልምሶ ሀደሮ ገበያ ላይ ጨው ይሸጥ ነበር፤ ቮልሷን ባየ ቁጥር ባርኔጣውን ያነሣላታል። አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ጋሽ በላቸውን ሽጡልን ብለዋቸው ያውቃሉ። እሳቸውም «ሚስቴንስ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» ብለው ሸኝተዋቸዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ፍቅር የሚገልጹት በካትራሜ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሳይደርስ፣ ከመንገድ ሥራ የተረፈ የካትራሜ በርሜል ካለበት ፈልገው ያመጣሉ፣ ጓሮ ውስጥ ያቀልጡታል፣ በጀርባቸው ተንጋለው ከቮልሷ ሥር ይገቡና የሆሳዕና ጭቃ ብረቷን እንዳይበላው ሆዷን ከዳር እስከ ዳር ይቀቧታል። በነጋታው እትዬ ታደለች የባላቸውን እጅ፣ ክንድና ጢም በቅቤ እያሹ ያስለቅቃሉ። በየዓመቱ እንዲህ ነው። የአምናውን ማንሣት የሚባል ነገር ግን የለም፤ የዘንድሮው በአምናው ላይ ነው የሚሄደው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ የቮልሷ ሆድ ወረደ። ቀድሞ በላዩ የምታልፈውን ድንጋይ መዞር ጀመረች። ዳገት ሲመጣ ተሳፋሪው ሳይነገረው ይወርድላታል።

ክፉው ቀን የመጣው ከሁለት ወገን ነው።

በአንድ ወገን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ሀንዴቦ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ያዘጋጅ ነበር፤ ርዕሱ «ያለፈው ሥርዓት ቅሪቶች» የሚል። ጓድ ሀንዴቦ የእትዬ ታደለች የአጎት ልጅ፣ የእኔ ደግሞ የቀድሞ ተማሪ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ አዳራሹ ትልቅ፣ ቅሪቱ ትንሽ መሆኑ ነው። ለፍቶ ያገኘው አንድ የባላባት የበቅሎ ኮርቻ፣ ቃታ የሌለው ጠመንጃና ፀጉሩ ያለቀ ጭራ ነበር። ሁሉንም በየግድግዳው ደርድሮ ሲያበቃ መሐሉ ባዶ ሆነ። መሐሉን የሚሞላ ነገር ሲያስብ ቮልሷ ትዝ አለችው። «የምትሠራ መኪና አልነካም» አለ ደግነቱን ሊያሳይ። «ከአገልግሎት ውጪ የሆነች እንደሆነ ግን ለሕዝብ ትምህርት ትውላለች።» ከበዓሉ በኋላስ ትመለሳለች ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ያ አዳራሽ ገብቶ ተመልሶ የወጣ ነገር ያየ ሰው አልነበረም።

በሌላ ወገን፣ የምትሠራና የማትሠራ መኪና የሚለየው መርማሪ መጣ። በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ እየመጣ የከተማውን መኪኖች አይቶ ቦሎ የሚሰጥ ሰው ነበር፤ የዚያ ዓመቱ ግን አዲስ ነው። አጭር፣ ድምቡሽቡሽ ያለ፣ ሣቂታ፣ ኪሱ ውስጥ ትንሽ መዶሻ የያዘ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰሌን አንጥፎ ከቮልሷ ሥር ገባና መታ። «ድፍ» አለ። ሌላ ቦታ መታ። አሁንም «ድፍ»። ወጥቶ ልብሱን እያራገፈ፣ «አባቴ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ መንገድ?» አለ።

ሰው ሣቀ። ጋሽ በላቸው አስነጠሳቸው።

«ያላየሁትን ብረት አለ ብዬ አልፈርምም» አለ መርማሪው፣ ሣቁን ሳያቋርጥ። «ዱራሜና ሀደሮ ደርሼ እመለሳለሁ። ስመለስ ብረቷን ያሳዩኝ።»

ለእናንተ ነገሩ ቀላል ይመስላችኋል፤ ፍቆ ማሳየት ነው። ለእኔም መስሎኝ ነበር። በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ በላቸው በአጥሩ በኩል ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ብረቱ ባይኖርስ?» አሉኝ።

ከዓመታት በፊት እየነዱ ሳለ እግራቸው ሥር መንገድ አዩ። ትንሽ ቀዳዳ ናት፣ የጣት ጫፍ የምታስገባ። ማስበየድ ነበረባቸው፤ ማስበየድ ግን ቀዳዳ አለ ብሎ ማመን ነው፤ ስለዚህ ካትራሜ ጠቀጠቁባት። በሚቀጥለው ዓመት ሰፍታ እንደሆነ ላለማየት ደርበው ቀቧት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቅብ ከጭቃው ይልቅ ከራሳቸው ዓይን ለመደበቅ ነበር። «እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን የምነዳው ቮልስ ይሁን ካትራሜ አላውቅም» አሉኝ። «ብንፍቀው ሁሉም ተያይዞ ቢወርድስ? ሀንዴቦ አዳራሹ ውስጥ መሪና ጎማ ዘርግቶ ቢያሳየኝስ?»

አሳዘኑኝ። ደግሞም ገቡኝ። የሚወዱትን ነገር ውስጡን ላለማየት የተቀቡ እሳቸው ብቻ አልነበሩምና።

ያም ሆነ ይህ መፋቁ አልቀረም። መጀመሪያ ወንዶቹ ሞከርን፤ ሞከርን ስል እኔ ቆሜ ሐሳብ አዋጣሁ ማለቴ ነው። ብረት ሠሪው በመሮና በመዶሻ ገጠመው፤ መሮው ካትራሜው ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። በነጭ ጋዝ ይለሰልሳል የሚል ሰው መጣ። ነጭ ጋዝ ያኔ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ በጠርሙስ የሚገኝ ነገር ነውና፣ የሰው ኩራዝ አጥፍቶ የመኪና ሆድ ማሸት ነውር ነው ተባለ። ከሥሯ እሳት እናንድድና ይቅለጥ ያለም አልጠፋም። ቤንዚን የያዘ መኪና ሥር እሳት ማንደድን የመሰለ ሐሳብ የሚያመጣ ሰው በየሠፈሩ አንድ አለ፤ እኛም ነበረን።

እትዬ ታደለች ይህን ሁሉ ከማድቤቱ በር ሆነው ሲያዩ ቆዩ። ሲሰለቻቸው መጥተው ካትራሜውን በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መፋቅ ነው የሚፈልገው» አሉ ባላቸውን።

«መፋቁንማ መፋቅ ነው። በምን?»

«የእርስዎን ጢም በምንድነው የማስለቅቀው? በቅቤ ማለስለስ፣ ከዚያ በቀርከሃ መፋቅ። ቀርከሃ ብረት አይጭርም። እህቶቼን ልጥራ።»

በሀዲያ አገር መፋቅ እንዲሁ የሚነገር ቃል አይደለም። እንሰቱ ሲደርስ ሴቶች ተጠራርተው ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱን ልጥ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁት ቃጫው ወዲያ፣ ቆጮ የሚሆነው ወዲህ ይለያል። የተፋቀው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ እዚያ ይብላላል፣ ይቆያል፣ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። የቤት ሀብት ማለት እሱ ነው። የጋሽ በላቸው ጓሮ በኮባ ቅጠል የተከደኑ ጉድጓዶች ነበሩበት፤ መንዜው ጋሽ በላቸው በየትኛው ውስጥ የአምናው፣ በየትኛው የዘንድሮው እንዳለ እስከ ዕለተ ሞታቸው አላወቁም።

ሴቶቹ ከፎንቆም ከከተማውም መጡ። ችግሩ ቅቤው ነበር። የመስቀል ቅቤ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የቅቤ ዕቁብ እየጣሉ ያጠራቀሙት፣ ለበዓሉ የተወሰነ። ሆሳዕና ላይ መስቀልን ያለ ቅቤ ማሳለፍ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል፤ ብቻ ጎረቤት ሲጠይቅ «ታመው ነው» የሚባልበት ነገር ነው። ታላቅ እህታቸው እትዬ አማረች በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤ እንደ ታቀፉ ቮልሷን አዩ፣ እህታቸውን አዩ።

«ለመኪና ነው?» አሉ።

«ሙሽራ ሆኜ ከፎንቆ የወጣሁባት ናት» አሉ እትዬ ታደለች።

እትዬ አማረች ትንሽ አሰቡ። «እኔም ዕቃሽን ታቅፌ ከኋላ ነበርኩ። ቁርጭምጭሚቴን አሳምማኛለች» አሉና ቅቤውን ፈቱት።

ጋራዥ ቢኖር መካኒክ የሚገባበት ጉድጓድ ይኖር ነበር፤ እኛ ያለን ጉድጓድ ሁሉ ቆጮ አለበት። ሴቶቹ ከመኪናዋ ሥር ከሚገቡ መኪናዋ ወደ ሴቶቹ ትምጣ ተባለ። ባትሪዋ ወጣ፣ ቤንዚኗ ተቀዳ፣ ገለባና የኮባ ቅጠል በብዛት ተነጠፈ፤ ወንዶች ተረባርበን በጎኗ አጋደምናት። እንደ ታማሚ ቀስ ብላ ነው የተኛችው። ወዲያው ደግሞ ወንዶች ውጡ ተባልን። ሴቶች በሚፍቁበት ወንድ ቆሞ አያይም፤ ያገሩ ሥርዓት ነው። ጋሽ በላቸው ይሄ መኪና እንጂ እንሰት አይደለም ብለው ሊከራከሩ ሲጀምሩ፣ እትዬ አማረች በመፋቂያው እያመለከቱ «ጋሽ በላቸው፣ በሩ ያውልዎ» አሏቸው።

እኔና እሳቸው በእኔ አጥር ወገን በርጩማ ላይ ተቀምጠን ጆሯችንን ቀሰርን። ወዲያ ማዶ ሴቶቹ በሀዲይኛ ያወራሉ፣ ይሥቃሉ፣ መዝሙር ያነሣሉ። ጋሽ በላቸው ያን ያህል ዘመን ኖረው ሀዲይኛ የሚሰሙት ግማሹን ነው። ያመለጣቸውን ግማሽ እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ የምሰማው ሩቡን ነው። በንግግሩ መሐል የመፋቂያው ድምፅ ይመጣል፤ ወፍራም፣ የታፈነ። «ገና ካትራሜው ላይ ናቸው» ይሉኛል። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ እየቀጠነ መጣ። «አሁን ቀርበዋል።» ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

ድንገት ፀጥ አለ። ወሬውም፣ መዝሙሩም፣ መፋቁም ቆመ።

ጋሽ በላቸው በላይ በላዩ አስነጠሳቸው። «ወለሉ ሄደ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

እትዬ ታደለች በአጥሩ ብቅ አሉ። እስከ ክርናቸው ጠቁረዋል፣ ግንባራቸው ላይ ካትራሜ፣ አገጫቸው ላይ ቅቤ አለ። «ጋሼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይምጡና ይዩ።»

ሰማያዊ ነበረች።

ከተማው ሁሉ በነጭ ነው የሚያውቃት፤ ጋሽ በላቸው ራሳቸው ከሰው ላይ ሲገዟት ነጭ ነበረች። ከካትራሜው ሥር ግን ፋብሪካው የቀባት ሰማያዊ፣ ትናንት የተቀባ ይመስል፣ በቅቤው ወዝ ያበራል። ሴቶቹ ዝም ያሉት እሱን አይተው ነው። ጋሽ በላቸው ሌላውን ሁሉ ትተው በቀጥታ ወደ አንዲት ቦታ ሄዱ፤ እግራቸው ወደሚያርፍባት። ቀዳዳዋ አለች። ጣታቸውን ከተቱባት። ያቺው የጣት ጫፍ የምታስገባዋ ናት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ቅንጣት አልሰፋችም። ጣታቸውን ሳያወጡ አለቀሱ። ሴቶቹ ደግ ናቸው፣ ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ጓድ ሀንዴቦ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የአዳራሹ መሐል ይበቃት እንደሆነ ሊለካት ሜትር ይዞ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚያየው ምንድነው? ቮልሷ በጎኗ ተጋድማለች፣ ሴቶች ከበዋታል፣ ጋሽ በላቸው ሆዷን ይዘው ያለቅሳሉ። ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ቆቡን አወለቀ። ዓርማው ደረቱ ላይ እንዳለ፣ በየስብሰባው ሃይማኖት ምን እንደሆነ ሲያስረዳን የከረመው ሰው፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለ።

እኔ ያን ቀን ሁለት ነገር ተፍቆ አየሁ እላለሁ።

«ሀንዴቦ» አሉት እትዬ ታደለች ቀና ሳይሉ፣ «እዚያ ቆመህ ከምታጽናና ትከሻህን አምጣ። የምትነሣበት ሰዓት ደርሷል።» ኮቱን አውልቆ ለእኔ አስያዘኝና ገፋ። ቮልሷን ከተኛችበት አንሥቶ በእግሯ ያቆማት ዋናው ትከሻ የጓድ ሀንዴቦ ነው፤ ይህንንም በኋላ ማንም አላነሣበትም።

በማግሥቱ በያጁ መጥቶ ቀዳዳዋን ደፈናት። ከዚያ መርማሪው ከሀደሮ ተመልሶ ጓሮው ድረስ መጣ። አሁን ከሥሯ ገብቶ ሲመታት ቮልሷ እንደ ደወል ጮኸች፤ ጓሮው ሙሉ ሰው ተነፈሰ። መርማሪው የጋሽ በላቸውን እጅ ጨብጦ አመሰገነ፣ ብዕሩን አወጣ፣ ሊፈርም ጎንበስ አለና ቀና አለ።

«ቅቡ የታለ?» አለ።

«የቱ ቅብ?»

«ቀለም ብቻ ለዚህ ዝናብ? በሚቀጥለው ክረምት ያልቃል እኮ። ሥሯ ያልተቀባ መኪና አላሳልፍም፤ ደንብ ነው። ስስ አድርገው፣ አንድ እጅ። እኔ ነገ ወደ አዲስ አበባ ተመላሽ ነኝ።»

ሰውየው ልክ ነበር፤ የሚያበሳጨውም እሱ ነው። ካትራሜ ደግሞ የለም። በርሜሉ የለም፣ የመንገድ ሥራው ካምፕ ተነሥቷል፣ የአዲሎ ነጋዴዎች ካየነው ቆየን ብለዋል። አንድ ዘመን ሙሉ በካትራሜ የኖረ ሰው በካትራሜ ዕጦት ሊሸነፍ ሆነ። ጓድ ሀንዴቦ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ወደ ኪሱ፣ ወደ ሜትሩ በኩል፣ በሐዘን እጁን ላከ። ጋሽ በላቸው ለማስነጠስ እንኳ አቅም አልነበራቸውም።

ቢሆንም እንግዳ ሳይበላ አይወጣም። እትዬ አማረች ቆጮ ሊያወጡ ወደ ጓሮው ጥግ ወረዱ፤ አንዱን ጉድጓድ ከፈቱ፣ በኮባ የተጠቀለለውን አንሥተው መርማሪው ፊት ባለው ሳንቃ ላይ ፈቱት። ጥቁር ነው። ጥቁር፣ ወዛም፣ ልስልስ ያለ።

ለካ ያን ቀን ሴቶቹ ፍቀው ሲጨርሱ፣ ማንም ሳያዛቸውና ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የተፋቀውን ካትራሜ በኮባ ጠቅልለው ቀብረውታል። እጃቸው የለመደው ይኸንኑ ነው፤ ምን እንደ ቀበሩ ልብ ያለች አልነበረችም። ፍቆ የሚጥል ሴት በዚያ አገር የለችም። እትዬ አማረች ጥቁሩን ነገር አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ «ተሳሳትኩ» ብለው ሊከድኑት ሲሉ መርማሪው እጃቸውን ያዘ። በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ አሸተተው።

«ይሄ ካትራሜ» አለ፣ «ከእኔ ቤት ወጥ የተሻለ ቅቤ አለው።» ከዚያ ሣቁ መጣ፤ አጥር ይዞ ነው የሣቀው።

ቅቤው እንዳይደርቅ ስለጠበቀው ማቅለጥ እንኳ ብዙ አላስፈለገም። ሞቅ አድርገው በስሱ ቀቧት። ሰማያዊው ቀስ በቀስ ሲሸፈን ጋሽ በላቸው ትክ ብለው አዩት። ቀዳዳዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ብሩሹን ተቀብለው ራሳቸው ቀቡ፤ ያሁኑ ቅብ የሚያውቁትን ነገር ነው የሚሸፍነው። መርማሪው ፈረመ፣ ቦሎዋ መስተዋቷ ላይ ተለጠፈ፣ ትክክለኛው ቆጮም ወጥቶ ተበላ። ቅቤ ግን በጣም ስስ ነበር። ያን ዓመት ለመስቀል ለጋሽ በላቸው ቤት ቅቤ ያዋጣው ጎረቤቱ ነው፤ የጓድ ሀንዴቦ ድርሻ ተለቅ ያለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቮልሷ ጥሩምባ አላስፈለጋትም። ሞተሩ ሲሞቅ ሆዷ የመስቀል መስቀል ይሸታል፤ የከተማው ውሻ ሁሉ ምላሱን አንጠልጥሎ ይከተላታል። በአብዮቱ በዓል ቀን የኤግዚቢሽኑ መሐል የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበት ዋለ። ጋሽ በላቸው ግን ባለቤታቸውን ጎናቸው አስቀምጠው፣ ቀጥ ብለው፣ በአደባባዩ አለፉ፤ ከኋላቸው የሆሳዕና ውሾች በሥርዓት ተሰልፈው። ጓድ ሀንዴቦ መድረኩ ላይ ነበር። ፊቱን በንግግሩ ወረቀት ከለለ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ይህን ለምን እንዳወራኋችሁ ልንገራችሁ። ዘመኑ ሲያልፍ፣ ደርግ ሲወድቅ፣ ከተማው ሁሉ መፋቅ ያዘ። «ጓድ» ከስም ላይ ተፋቀ፣ መፈክሩ ከቆርቆሮው ላይ ተፋቀ፣ እኔም ሰሌዳዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አጠፋሁት፤ ለወንዞቹ ብዙ ቦታ ተገኘ። ከሥሩ የወጣው ብረት ከፈራነው ይሻል ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም። ሰማያዊም ያየሁበት ሰው አለ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ከጋሽ በላቸው ጋር ጓሮ ተቀምጠን ሳለ ሀንዴቦ መጣ። አቶ ሀንዴቦ ማለቴ ነው። ደረቱ ላይ የዓርማው ቦታ ብቻ ቀርቷል፣ ከሌላው ጨርቅ ደመቅ ብሎ። ብብቱ ሥር በኮባ ቅጠል በደንብ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ምን እንደሆነ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም፤ ከልስላሴው ካኪ ልብስ መሰለኝ፣ ከጫፉ ደግሞ የሆነች ብረት ነገር ብልጭ ትላለች።

«እቴ» አለ እትዬ ታደለችን፣ ወደ ጉድጓዶቹ እያየ፣ «እዚያ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ይጠፋል?»

እትዬ ታደለች ጥቅሉን ተቀብለው ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ጫን ጫን አድርገው ዳሰሱት።

«ቅቤ አስነክተህበታል?» አሉት። «አለዚያ እኮ ስታወጣው ደርቆ ታገኘዋለህ።»